የሱጋሞው ጨፋሪ ኪኩ

ሠዓሊው ሪዮሴን ከመሰላል ወድቀው እግራቸውን ባይሰብሩ ኖሮ፣ ልጃቸው ቶሴ የሱጋሞን መንደር ባልረገጠች ነበር።

ጊዜው መጸው ነበር። የጃፓኗ ኤዶ ከተማ ከዳር እስከ ዳር የምታወራው ስለ ኪኩ ብቻ ነው። ሌላው አገር ክሪሳንተመም የሚለው ይህ አበባ ለኤዶ ሰው ዝም ብሎ አበባ አይደለም፤ ይወራረድበታል፣ ይኳረፍበታል፣ ይታረቅበታል። በዚያ ዓመት አንድ አሳታሚ አዳዲሶቹን የኪኩ ዘሮች በሥዕል የያዘ መጽሐፍ ሊያወጣ አስቦ ሥራውን ለሪዮሴን ሰጣቸው። ከሁሉም በላይ በጉጉት የሚጠበቀው ግን የሱጋሞው አትክልተኛ ካንቤይ ገና ለማንም ያላሳዩት አበባ ነበር።

«አባዬ፣ ኡሜኪቺን አይልኩትም?» አለች ቶሴ፣ አባቷ እግራቸው ታስሮ ከተኙበት አጠገብ ቁጭ ብላ።

ኡሜኪቺ የአባቷ ደቀ መዝሙር ነው። ሪዮሴን ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው እሱን ከቶሴ ጋር አጋብተው፣ እዚያው ካንዳ ሰፈር ካለው ቤታቸው አስገብተው፣ የሙያ ስማቸውን ሊያወርሱት ማሰባቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተራራና ፏፏቴ ሲስል እጁ ወርቅ ነው። አበባ ላይ ግን...

«ኡሜኪቺ የሚስለው ኪኩ ጎመን ነው የሚመስለው» አሉ ሪዮሴን። «አንቺው ሂጂ። ስትጨርሺ ማኅተሙን እኔ አደርግበታለሁ።»

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። አባቷ ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ወዲህ ከቤቱ ከወጡት አበቦች አብዛኞቹ በቶሴ እጅ ተስለው በአባቷ ቀይ ማኅተም የተሸጡ ናቸው። ቶሴ ብሩሾቿን ጠቅልላ፣ የቀለም ድንጋይዋን በጨርቅ አስራ ወጣች።

ካንቤይ በራቸው ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት።

«ሠዓሊ ይላክልኝ ነበር ያልኩት። ልጃገረድ ይላክልኝ አላልኩም።»

«ጋሼ፣ የሠዓሊው እግር ተሰብሯል» አለች ቶሴ። «እጃቸው ግን ይኸው መጥቷል» ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋችላቸው።

ከሽማግሌው ኋላ አንድ ሰው ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል አመለጠው። ቀና ስትል አየችው፦ እጅጌውን ወደ ላይ ያሰረ፣ እስከ ክርኑ አፈር የለበሰ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ቀድሞ አቀረቀረ።

«ልጄ ዋሱኬ ነው» አሉ ካንቤይ። «እሱ ያሳይሻል። አበባውን እንዳትነኪው! አጠገቡ እንዳታስነጥሺ!»

አበባው ከአትክልቱ ቦታ መጨረሻ፣ በቀርከሃ ምሰሶዎችና ዘይት በጠጣ ወረቀት በተሠራ ዳስ ሥር ብቻውን ቆሟል። ቶሴ ወረቀቱን ገለጥ ስታደርግ ትንፋሿ ቆመ። ረዣዥም ነጫጭ የአበባ ቅጠሎቹ በአራቱም አቅጣጫ ቀጥ ብለው ተዘርግተዋል። ነጩ ነጭ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የሆነ ሙቀት አለው።

ቶሴ ተቀመጠች። ከባሕር ዛጎል የተፈጨውን ነጭ ቀለም በሙጫ ለወሰች። እስኪመሽ ድረስ እያንዳንዱን ቅጠል በየቦታው፣ በየርዝመቱ ሳለች። ዋሱኬ ውሃ ሲያመጣላት እንኳ ቀና አላለችም።

በማግስቱ ጠዋት ተመለሰች። ዳሱን ገለጠች። ከዚያ ጩኸቷ ሱጋሞን አናወጠው።

«ሌቦች!»

ዋሱኬ የውሃ ባልዲውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆኑ? እባብ ነው?»

«ሌሊቱን ነቅላችሁ ሌላ ተክላችኋል! ልጅ ናት ብላችሁ ልትቀልዱብኝ ነው? ይሄ የትናንቱ አይደለም!»

እውነትም አይመስልም ነበር። ትናንት ተዘርግተው የነበሩት ነጫጭ ቅጠሎች ግማሾቹ ወደ ላይ ተቆልምመዋል፤ በተቆለመሙበት በኩል ውስጣቸው ታይቷል፤ ውስጣቸው ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ዋሱኬ አንዴ አበባውን፣ አንዴ በንዴት የቀላውን ፊቷን አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እንዲህ ያስቃል እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው ነግሮዎት መስሎኝ ነው። ይሄ እኮ ጨፋሪ ኪኩ ነው። አንዴ ከፈካ በኋላ እስኪረግፍ ድረስ ቅጠሎቹን ያንቀሳቅሳል። ዛሬ ይነሣል፣ ነገ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ቆርጠው ካስቀመጡት ግን ጭፈራውን ይተዋል።»

ቶሴ ትናንት የሳለችውን ወረቀት አወጣች። ከአበባው ጎን አደረገችው። የደከመችበት ሁሉ ከንቱ የቀረ መስሏት ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ታያት።

«መጨረሻው ምን እንደሚመስል ያውቃሉ?» አለችው።

«አላውቅም። ከዘር የበቀለው ዘንድሮ ነው፤ ሲፈካም ይሄ የመጀመሪያው ነው። እኔም እንደ እርስዎ እያየሁ ነው።»

«እንግዲያው አንዱን መልኩን ብቻ ብስለው ውሸት ነው የሚሆነው» አለች። «ሁሉንም እስለዋለሁ። በየቀኑ እመጣለሁ።»

የዋሱኬ ፊት ላይ ደስታው እንዳይታይበት የሚታገል ሰው መልክ ነበር። «በየቀኑ?» አለ።

«ምነው? ይከፋዎታል?»

«ኧረ! አባቴን ይክፋቸው እንጂ እኔን ምን ቆርጦኝ!»

ከዚያ ወዲያ ቶሴ ከካንዳ ሱጋሞ ያለውን መንገድ እንደ ጓሮዋ ለመደችው። ዋሱኬ ሥራውን ወደ ዳሱ አጠገብ እየሳበ አመጣው፤ ቀድሞ ሩቅ ያርም የነበረው አሁን ሁልጊዜ እሷ ከተቀመጠችበት አካባቢ የሚታረም አያጣም። ካንቤይ ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ እዚያች ቦታ ላይ አረም ቢኖር ኖሮ እስካሁን በፍርሃት በሞተ ነበር» አሉት።

አንድ ቀን ቶሴ ከሱፍ አበባ በሚወጣው ቀይ ቀለም እያሰመረች ሳለ ከበስተኋላዋ የዋሱኬን ትንፋሽ ሰማች።

«ምን እያዩ ነው?»

«ብሩሹን።»

«ብሩሹ በዚህኛው እጄ ነው። እርስዎ የሚያዩት ያኛውን ጉንጬን ነው።»

ዋሱኬ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ቀለም ነክቶዎት ነው» አለ። ውሸቱን ነበር፤ ቶሴ ግን ጉንጯን በእጅጌዋ ስታብስ በእውነት ቀለም ቀባችው። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

ዋሱኬ እናቱ በላከችላቸው የሩዝ ድብልብል መካከል ያለውን ፕለም የሚባል ጎምዛዛ ፍሬ ከእሱ ድርሻ እያወጣ ወደ እሷ ያሻግር ጀመር። ሳትጠይቀው ነው። እንደምትወደው መቼ እንዳየ አታውቅም።

በአንዱ ቀትር ሲበሉ ዋሱኬ እንደ ዋዛ ጠየቃት። «እህት ወንድም አለዎት?»

«የለኝም። እኔ ብቻ ነኝ። እርስዎስ?»

«እኔም ብቻዬን ነኝ።»

ድብልብሉ እጃቸው ላይ ቀረ። ለሌላ ሰው ይህ ተራ ወሬ ነው፤ ለእነሱ ግን በር ሲዘጋ እንደ መስማት ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ያለው ቤት ልጁን አይሰጥም። አንዲት ሴት ልጅ ያለችው ቤትም ልጁን አያስወጣም፤ ባል ያስገባላታል እንጂ። ንፋሱ የዳሱን ወረቀት አንኳኳው። ዋሱኬ ተነሥቶ ባዶውን ባልዲ ይዞ ውሃ ወዳልነበረበት አቅጣጫ ሄደ።

ነገሩን ያባሰው ኡሜኪቺ ነው። አንድ ቀን ቶሴ ያለቀባትን ነጭ ቀለም ይዞ ከካንዳ መጣ። ክፋት የሌለው፣ አፉ ግን ቁልፍ የሌለው ሰው ነው። ዋሱኬን በሩ ላይ አግኝቶ፣

«ወንድሜ፣ የወደፊት ሚስቴን በፀሐይ አታክስሏት እንጂ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «መምህራችን ለአዲስ ዓመት ቀን ሊቆርጡልን ነው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዋሱኬ አረም ሁሉ ወደ ሩቁ መደብ ተዛወረ። ምሳ የምታመጣው እናቱ ሆነች። ቶሴ ሰላም ስትለው፣ «እንደምን አደሩ» ይላታል፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ምን እንዳጠፋች አላወቀችም። ቁጣ ቁጣ አላት፤ ቀጥሎ ማልቀስ፤ ከዚያ ደግሞ ሄዳ በአፈር ልትመታው ቃጣት።

ካንዳ ስትመለስ ብሩሾቿን ከወትሮው አጥብቃ ታጥባለች። አባቷ የሥዕል ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ያያሉ። አንድ ቀን ማኅተሙን አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት። «ሲያልቅ አደርግበታለሁ» አሉ።

በየዓመቱ በሱጋሞ የሚደረገው የኪኩ ውድድር በተቃረበበት ሰሞን የቀረው የመጨረሻው መልክ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰማዩ መዳብ መሰለ። ቀትር ላይ ነፋሱ ጣራ መንቀል ጀመረ። የካንዳ ሰው መስኮቱን በሳንቃ ይመታል።

«ቁጭ በይ!» አሉ ሪዮሴን።

ቶሴ ግን አውሎ ነፋሱን አይደለም የምታዳምጠው። የምታስበው ያንን የወረቀት ዳስ ነው። ተነሣች። ኡሜኪቺ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ከለከላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን የገዛ ራሱን የሣር ካባ አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።

«አበባው ነው ወይስ ሰውዬው?» አላት።

«ዞር በል ኡሜኪቺ!»

«ገባኝ» አለና ዞር አለ።

ሱጋሞ ስትደርስ ካንቤይና ሠራተኞቹ ከመደብ መደብ እየሮጡ የቻሉትን ይሸፍናሉ፤ አጥሩ ወድቋል፤ የዓመት ልፋት ጭቃ ላይ ተኝቷል። ዋሱኬ ከመጨረሻው ዳስ ሥር ብቻውን ነው። ምሰሶውን በደረቱ ተደግፎ ይዞታል። ከሌላው ጎን ያለው ምሰሶ እየተነቃነቀ ነው። ቶሴ በጭቃው እየተንሸራተተች ደረሰችና ያንን አቀፈችው።

«ምን ሊሠሩ መጡ?» ብሎ ጮኸ። «ይሂዱ! አደጋ ነው!»

«መጨረሻውን አልሳልኩትም!»

«አብደዋል!»

«እርስዎስ?»

አንድ የቀርከሃ እንጨት ከላይ ተሰብሮ በአየር ላይ እየተምዘገዘገ መጣ።

«ቶሴ! ጎንበስ በይ!»

ጎንበስ አለች። እንጨቱ ፀጉሯን ጠርጎ አለፈ። ቀና ስትል ግን የፈራችው እንጨቱን አልነበረም፤ ልቧ በአንዲት ቃል ነው የሚዘለው።

«ምን አልከኝ?»

«ጎንበስ በይ አልኩሽ!»

«‹በይ› አልከኝ?»

«አሁን የሱ ጊዜ ነው?»

«ለምን ስታኮርፈኝ ከረምክ?»

«ኡሜኪቺን ልታገቢ አይደለም እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ራሱ ነዋ!»

ነፋሱ ቃላቸውን ከአፋቸው እየነጠቀ ስለሚሄድ ሁለቱም ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ነው የሚጮኹት። ዝናቡ ፊቷ ላይ እንደ ጠጠር ይወርዳል። ቶሴ ምሰሶውን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ፣

«እኔ ኡሜኪቺን አላገባም! እኔ የምወደው አንተን ነው!» አለች።

በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ቀጥ አለ።

አውሎ ነፋስ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፤ መሀሉ ላይ ትንፋሽ ይወስዳል። «የምወደው አንተን ነው» የሚለው ቃል ፀጥ ባለው አትክልት ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርቶ ተሰማ። ሠራተኞቹ እንደ ቆሙ ቀሩ። ካንቤይ ምንጣፍ እንደ ተሸከሙ ዞረው አዩ። ከጎረቤት አጥር በላይ የአንዲት አሮጊት ራስ ብቅ አለ።

ቶሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ዋሱኬ ግን ምሰሶውን አልለቀቀም፤ ፊቱ በጭቃ ተለውሶ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ፣ እንደ እሷው ጮኸ። አሁን ለመጮህ ምንም ምክንያት አልነበረውም።

«እኔም አንቺን ነው!»

ከዚያ ነፋሱ ከሌላው አቅጣጫ ተመለሰ፤ እንደገና ምሰሶውን ለመያዝ ተሯሯጡ።

አውሎው ካለፈ በኋላ ዳሱን ሲገልጡ አበባው አለ። ግንዱ ጎብጧል፤ ዋሱኬ በቀጭን ቀርከሃ ደግፎ በገለባ አሰረው። ከቅጠሎቹ ግን አንድም አልረገፈም። ሁሉም ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ ቀዩን ሸፍነው፣ በጫፋቸው ብቻ አንዲት ቀይ መስመር ትተው ተጠቅልለዋል። መጨረሻው ይህ ነበር። ቶሴ ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ያንን መልክ ሳለችው። ዋሱኬ እንዳይንጠባጠብባት ከላይዋ ካባውን ዘርግቶ ቆመ። ከዚያ ጩኸት ወዲያ ምን የሚባል ቀረ?

የሱጋሞ ወሬ ከአውሎ ነፋስ ይፈጥናል። በማግስቱ ሪዮሴን በሰው ትከሻ በሚሄድ መቀመጫ ተጭነው፣ ኡሜኪቺን አስከትለው መጡ። ሁለቱ አባቶች ሻይ ቀርቦላቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ልጄ ልጅዎን ወድዳለች አሉ» አሉ ሪዮሴን። «ጎበዝ ልጅ ነው ይባላል። ይስጡኝና ቤቴ ይግባ።»

«እኔስ ልጅዎን ይስጡኝ ልል ነበር» አሉ ካንቤይ። «እንደ እሷ ዓይነት ምሰሶ የሚይዝ ሰው ከሠራተኞቼም የለኝ።»

«አንድ ልጄ እኮ ናት!»

«የኔስ ስንት ናቸው?»

«እሷ ከሄደች ስሜን ማን ይይዘዋል?»

«እሱ ከሄደ አፈሩን ማን ይይዘዋል?»

ሻዩ ቀዘቀዘ። በዚህ መሀል ዋሱኬ ከደጅ ገብቶ ተንበረከከ። «አባባ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ካንዳ ገብቼ ቀለም እፈጫለሁ።» የካንቤይ ፊት አመድ መሰለ።

«አትሄድም!» አለች ቶሴ ከኋላው ገብታ። «አንተ ቀለም መፍጨት ጀምረህ ስንት ቀን የምትቆይ ይመስልሃል? ዓይንህ መስኮት መስኮቱን እያየ ታልቃለህ።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ እስከ ዛሬ ለምኜዎት አላውቅም። እነዚህን ሥዕሎች ማኅተም አያድርጉባቸው። በውድድሩ ላይ እንዲሁ ይሰቀሉ። የሰው ዓይን ይፍረድ። ምንም አይደሉም ከተባለ ያሉኝን አገባለሁ፤ ሁለተኛም አልናገርም። ጥሩ ናቸው ከተባለ ግን የሙያ ስምዎን ለእኔ ይስጡኝ፤ ወደማገባበት ቤት ይዤው እሄዳለሁ።»

«ስም የሚወርሰው ወንድ ነው። በእኛ ቤት ሴት ወርሳ አታውቅም።»

«በእናንተ ቤት ሴት ስትሥልም ተሰምቶ አያውቅም» አሉ ካንቤይ። «ይኸው ግን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ውርርድ ነው! ምስክሩ እኔ ነኝ!»

ሪዮሴን በንዴት ወደ ኡሜኪቺ ዞሩ። «አንተስ ዝም ትላለህ? ስሙ ላንተ ነበር!»

ኡሜኪቺ አንገቱን አከከ። «መምህር፣ እውነቱን ልናገር? እኔ የመንገዳችንን የሩዝ ብስኩት ሻጭ ልጅ ነው የምወደው። እስከ ዛሬ እንዴት እንደምነግርዎት ጨንቆኝ ነበር።»

ሪዮሴን ሥዕሎቹን ማኅተም ሳያደርጉ መለሱላት።

የውድድሩ ቀን ሱጋሞ ሰው በሰው ላይ ቆመ። በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ኪኩዎቹ ከነሥራቸው በቀርከሃ ማስቀመጫ ተደርድረዋል፤ ሹማምንቱ፣ ነጋዴው፣ መነኩሴው፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የካንቤይ አበባ ከነድጋፉ ቆሟል፤ ከኋላው የቶሴ ሥዕሎች ከመጀመሪያው ነጭ እስከ መጨረሻው ቀይ መስመር በተራ ተሰቅለዋል። ቶሴ ከሴቶቹ መካከል ቆማ እጅጌዋን በጣቶቿ ታፍተለትላለች። ዋሱኬ በሕዝቡ ማዶ ነው። በዓይኗ ፈለገችው፤ ቀድሞ እያያት ነበር።

አንደኛ የወጣው ቢጫ ኪኩ ሆነ፤ የጎረቤት መንደር ሰው ያበቀለው። ካንቤይ ሁለተኛ ወጡ፤ የጎበጠ ግንድ አንደኛ አይሆንም ተባለ። ሽማግሌው ጥርሳቸውን አፋጩ፤ ነፋሱንም ዳኞቹንም ባንድ ላይ ረገሙ። ነገር ግን ሰው ከቢጫው ፊት አልቆመም። ሁሉም ሥዕሎቹ ፊት ተኮልኩሏል። አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ከሥዕል ወደ አበባ፣ ከአበባ ወደ ሥዕል ይዞራል።

«ይሄ ሁሉ አንድ አበባ ነው?»

«እኮ! ይሄኛውን ተመልከት፤ ሲነሣ ነው!»

«አሁን ሊንቀሳቀስ ነው እኮ!»

ከዳኞቹ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። «ዕድሜዬን ሙሉ ኪኩ ስዳኝ ኖሬአለሁ» አሉ። «እኔ የማየው አበባው እዚህ የመጣበትን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ምን ሲሆን እንደ ነበር ያሳየኝ ሰው ዛሬ ነው የተገኘው።»

አሳታሚው እጁን እያፋተገ ተነሣ። «መምህር ሪዮሴን ራሳቸውን በለጡ! ግን ማኅተማቸው የታለ?»

ቢጫውን ያበቀለው ሰው ከት ብሎ ሳቀ። «ማኅተም የሌለው ሥዕል ባለቤት የሌለው ውሻ ነው!»

ሪዮሴን በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። አንዲት ቃል ብቻ ትበቃቸው ነበር፤ «ረስቼው ነው» ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም፣ ክብሩም የእሳቸው ይሆናል። ሪዮሴን ወደ ሥዕሎቹ ሄዱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝግታ አዩአቸው፤ በመጨረሻው ላይ የደረቀ የዝናብ ጠብታ ነበር፤ እዚያ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«የእኔ አይደሉም» አሉ። «እኔ እንዲህ መሣል አልችልም። በወጣትነቴም አልቻልኩም። የልጄ የቶሴ እጅ ነው። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ቤት የተሰቀሉት አበቦችም የእሷው ናቸው፤ ማኅተሙ ብቻ ነው የእኔ።»

ጉምጉምታው እንደ ማዕበል ተነሣ። ቶሴ አንገቷን ደፋች፤ እንባዋ ግን መሬት ሳይደርስ ሳቅ ቀደመው። አባቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«ስሙን ወስደሻል። የቤታችን ስም ካንቺ ጋር ነው። ወደምትወጂው ቤት ይዘሽው ሂጂ። የካንዳውን ደጅ ኡሜኪቺና የብስኩት ሻጯ ልጅ ይጠብቁልኛል።»

«ይኼው ነው!» ብለው ካንቤይ ጭናቸውን መቱ፤ ሁለተኛ መውጣታቸውን ረሱት።

የሚሸለም አበባ ስም ይሰጠዋል። ጸሐፊው ብሩሹን ነክሮ፣ «የካንቤይን አበባ ማን እንበለው?» ሲል ካንቤይ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸሙት። ዋሱኬ ወደ መሀል ወጣ። በሕዝቡ ማዶ ቶሴን አያት።

«‹ነፋስ ያስጮኻት› በሉት» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወሬው ያልደረሰው ሰው አልነበረምና። ያቺ የጎረቤት አሮጊት፣ «እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! በጆሮዬ!» እያለች ለማያውቋት ሁሉ ትናገር ጀመር። ቶሴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ በጣቶቿ መካከል ግን ታየው ነበር።

ሰርጉ የሆነው ክረምቱ ወጥቶ በረዶው ሲቀልጥ ነው። ኡሜኪቺ ሳኬ በሚሉት የሩዝ መጠጥ ሞቅ ብሎት ዘፈነ፤ ሚስቱ የምትሆነው የብስኩት ሻጯ ልጅ እጅጌውን ጎትታ አስቀመጠችው። ሁለቱ አባቶች የማን ልጅ የበለጠ ግትር እንደ ሆነ ሲከራከሩ አመሹ።

በነጋታው ገና ፀሐይ ሳትሞቅ የሙሽሮቹ በር ተንኳኳ።

«ሙሽሮች! የመዝሪያ ቀን ነው! አፈር ለሙሽራ አይጠብቅም!» የካንቤይ ድምፅ ነው።

ቶሴ ፀጉሯን በጥድፊያ ጠቅልላ ወጣች። ዋሱኬ መደቡ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃት ነበር። በመዳፉ ላይ ጢም ያህል የቀጠኑ የኪኩ ዘሮች ይዟል፤ ባለፈው መጸው ዳሱ ሥር ከነበረው አበባ የለቀሙት ነው። አጠገቡ በርከክ አለች። ግማሹን በመዳፏ ላይ አደረገላት።

«እንደ እናታቸው ነው የሚሆኑት?» አለችው።

«ከዘር የሚበቅል ኪኩ እናቱን አይመስልም። ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ሐምራዊ ሊሆን ይችላል፤ ምንም የማይረባም ሊሆን ይችላል።»

«ማን ያውቃል ታዲያ?»

«ማንም።»

ቶሴ እርጥቡን አፈር በጣቷ ቦረቦረች። ቅዝቃዜው እስከ ክርኗ ወጣ። አንዲቱን ዘር ጣለችና በጥንቃቄ ሸፈነቻት፤ ከዚያ ሌላዋን፣ ከዚያ ሌላዋን።

«ቀስ በይ እንጂ» አላት ዋሱኬ እየሳቀ። «ጥልቅ ከሆነ አይወጣም።»

«አንተ ዝም በል፤ ቶሎ ዝራ!» አለችው። ዓይኖቿ ያበራሉ፤ ጉንጯ ላይ ጭቃ አለ፤ እሱም ነገራት፤ የዚህን ጊዜ እውነቱን ነበር።

አላበሰችውም። ቀጣዩን መደብ ልትጀምር ተነሥታ ነበር።